የእማማ የሺ «እስኪ»

ልጅ ሳለሁ፣ በረዶው ከልክ ባለፈበት በዚያ ዓመት፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ናቲ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንሄደው ወደ እማማ የሺ ጋራዥ ነበር። እናታችን ሆስፒታል ውስጥ የከሰዓት ተረኛ ስለነበረች፣ እስክትመለስ የሚጠብቁን እሳቸው ነበሩ። እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል የፈረንጅ ከተማ ውስጥ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ካለ አንድ ዳገት ግርጌ፣ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ የእማማ የሺ ቤት ደግሞ ዳገቱ አናት ላይ ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ተካ አናጢ ነበሩ። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው ያረፉት። የቀረው ከቤቱ ጎን ያለው የመኪና ማቆሚያ ጋራዣቸው ነበር፤ መኪና ገብቶበት የማያውቅ፣ በመጋዝ፣ በመላጊያና በተደረደረ ሳንቃ የታጨቀ ጋራዥ። ጥጉ ላይ ጋሽ ተካ ከአሮጌ በርሜል የበየዱት ምድጃ አለ፤ እማማ የሺ ቁርጥራጭ እንጨት ያነዱበታል። በእኛ አፓርትመንት ሙቀት የሚመጣው ከግድግዳ ቀዳዳ ስለነበር፣ ያኔ እኔና ናቲ ፍም የሚባለውን ነገር በዓይናችን ያየነው እዚያ ብቻ ነው።

እዚያ ምድጃ ፊት፣ በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ቁጭ ብለን፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለችው አምፖል የእማማ የሺን ጥላ ግድግዳው ላይ እያገዘፈችው ተረት እንሰማ ነበር። ሲተርቱ ሥራ አይፈቱም። አዲስ አበባ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ለባላቸው ወንበር ሲያለሰልሱ፣ ሲያጣብቁ፣ ሲቀቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ እጃቸው ባዶ ከሆነ ወሬያቸውም ይቆማል። እንግሊዝኛ ደግሞ በዚያ ጋራዥ አይሠራም። ናቲ «ዌት፣ ዋት?» ሲል ያልሰሙ መስለው መጋዛቸውን ያነሳሉ፤ በድምፁ ተረቱ ይቋረጣል። «እንዴት?» ሲል መጋዙን አስቀምጠው፣ እንጨት እያሹ ተረቱን ይቀጥላሉ። ዛሬ በአማርኛ መጻፍ ከቻልኩ በዚያ መጋዝ ምክንያት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከገና በዓል በፊት በወረደው በረዶ ነው። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ እማማ የሺ ለቀናት ብቻቸውን ቤት ውስጥ ተቀመጡ። አስፋልቱ ሲጠረግ ልጃቸው ዳንኤል ከሚኖርባት ጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ ምግብ ጭኖ መጣ። እኛም እዚያው ነበርን። ዳንኤል ደግ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ የነበረው ድንጋጤ ዛሬም ይታየኛል። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣

«እማዬ፣ ከቤታችን ሥር ያለውን ቤዝመንት አስተካክዬልሻለሁ። ከኛ ጋር ትኖሪያለሽ። ይሄን ቤት እንሸጠዋለን» አላቸው።

«በበረዶ ምክንያት?»

«በሩን መክፈት እንኳ አቅቶሽ ነበር እኮ!»

«በሩንማ ከፈትኩት። መራመዱ ነው ያቃተኝ።»

«ታዲያ ምን ለውጥ አለው?»

እማማ የሺ ትንሽ አሰቡ። «በሩን ከከፈትኩ፣ የቀረው የመራመድ ጉዳይ ነው። እሱን እኔ አስብበታለሁ» አሉት። ዳንኤል ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ጋራዡ ስገባ ጠሩኝ። «ነይ እስቲ፣ እነዚህ ፈረንጆች በበረዶ ላይ የሚሄዱበት እንጨት ስሙ ማን ነው?»

«ስኪ» አልኳቸው።

«እስኪ?»

«አይ እማማ፣ ስኪ።»

«እኔስ ምን አልኩ? እስኪ።» ከዚያ የጋሽ ተካን ሽርጥ ከምስማሩ አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ። «እስኪ እንሥራው።»

ከትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ሥዕል አትሜ አመጣሁላቸው፤ ድሮ የገጠር ሰዎች በየቤታቸው ይሠሩት የነበረውን፣ ረጅምና ቀጭን፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰውን ዓይነት። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ሳንቃው ክምር ሄደው፣ ከሁሉም ሥር በብርድ ልብስ ተጠቅልለው የተቀመጡ ነጣ ያሉ ጠንካራ ሳንቃዎች አወጡ። ጋሽ ተካ ለዳንኤል የምግብ ጠረጴዛ ሊሠሩባቸው ያስቀመጧቸው፣ ሞት የቀደማቸው ሳንቃዎች ነበሩ። እማማ የሺ በመዳፋቸው ዳበሷቸው። ከዚያ መጋዙን አነሱ።

የዚያን ሰሞን ሥራ አስቸጋሪው ክፍል ጫፉን መቀልበስ ነበር። ለማኅበር ድግስ የሚያውሱት ትልቁ ድስት ምድጃው ላይ ተጥዶ ውሃ ይንተከተካል፤ የእንጨቱ ጫፍ እዚያ ውስጥ ይቀቀላል፤ ጋራዡ በእንፋሎትና በእርጥብ እንጨት ሽታ ይሞላል። ከዚያ ትኩሱን አውጥተው፣ ክብ አድርገው በጠረቡት ግንድ ላይ እየተጫኑ ያጎብጡትና እንዳይላቀቅ በሞርሳ፣ በብረት መንከሻው፣ ያስሩታል። ካሰሩት በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው የሚቀረው። ሌላውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት እያሹ ተረታቸውን የሚጀምሩት ያኔ ነበር።

«አንዲት ባልቴት ነበረች» አሉን አንድ ቀን። «ቤቷ ከወንዝ ማዶ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ እየሞላ ከሰው ይለያታል። መንደርተኛው ‹ተይው ይሄን ቤት፤ ወደኛ ነይ፣ ጥግ እንሰጥሻለን› ይላታል። እሷ ታዲያ በጓሮዋ ቅል ዘራች። ቅሉ አፍርቶ ሲደርቅ ለቅማ በወገቧ ዙሪያ አሰረችና ወንዙ ውስጥ ገባች። ወንዙ ተቆጣ። ‹ማን ፈቀደልሽ?› አላት። ‹አንተስ ስትሞላ ማንን አስፈቀድክ?› አለችው።»

«ከዚያስ?» አለ ናቲ።

«ከዚያማ ተሻገረች። ገበያ ዋለች። ጨውዋን ሸማምታ ተመለሰች።»

«ወደዚያው ቤት?»

«የት ትሂድ ታዲያ? ቤቷ እኮ ነው።»

ያኔ ይህ ተረት ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የመጣ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን፣ ያንን ዕለት እዚያው ቆመው፣ የእንጨት ብናኝ በቅንድባቸው ላይ እንዳለ የፈጠሩት ይመስለኛል። በእሳቸው ተረት ውስጥ ጅብም ሆነ ንጉሥ ሲመጣ ሰዎቹ አይንበረከኩም፤ ብልሃት ካልተገኘ ደግሞ ይሳደባሉ። ናቲ ስድቦቹን ሁሉ በቃሉ ይዞ እናታችንን አስደንግጧል።

የመጀመሪያው ጥንድ አልተሳካም። ሞርሳውን ፈትተን ልናወጣው ስንል «ጧ» የሚል፣ በረዶ ሲሰነጠቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተሰማና አንደኛው ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ሲነኩት እሱም ተከተለ። ናቲ አለቀሰ። የጋሽ ተካን እንጨት እኮ ነው ያበላሸነው። እማማ የሺ ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ተከትለው እስከ መጨረሻው ድረስ ሄዱ። ከዚያ ሁለቱንም በጉልበታቸው ሰብረው ምድጃው ውስጥ ከተቱት። ነበልባሉ ፊታቸው ላይ ሲወጣ አየሁት፤ የተቆጣ ሰው ፊት ነበር።

«ቸኮልኩ» አሉ። «የሚቀጥለው ውሃ ውስጥ ይደር። ዛሬ ተረት የለም፤ ወደ ቤት።»

ሁለተኛውን ጥንድ በመሥራት ላይ እያለን ዳንኤል ሳይደውል መጣ። በሩ ላይ እንደቆመ ድስቱን አየ፣ ሞርሳውን አየ፣ ከዚያ መሬት ላይ የተጣለውን ብርድ ልብስ አየ።

«ያ የአባዬ እንጨት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እማዬ፣ የአባዬን እንጨት ለምን? ለመጫወቻ?»

«ጨዋታ ላይ ያለሁ እመስልሃለሁ?»

«በዚህ ዕድሜሽ በስኪ ልትሄጂ ነው? ወድቀሽ ዳሌሽ ቢሰበርስ? ያን ጊዜ ማን ያነሳሻል? እነዚህ ልጆች?»

«ከወደቅሁ እንነጋገራለን። ገና ሳልቆም ለምን ትጥለኛለህ?»

ዳንኤል ዓይኑ ውሃ ሞላ። «እኔ እኮ ስለምፈራልሽ ነው» አላቸው።

«ዐውቃለሁ» አሉት እማማ የሺ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ። «ፍራ፤ እናትህ ነኝ። ግን ያንተን ፍርሃት እኔ ተሸክሜው ቤዝመንት አልገባም። እንጨቱንም አባትህ እንዲያረጅ ብሎ አላስቀመጠውም።» እሱ ወጣ። እሳቸው ወደ ድስቱ ዞሩ።

ሁለተኛው ጥንድ ያዘ። ሞርሳው ሲፈታ ጫፎቹ እንደተቀለበሱ ቀሩ። ናቲ በደስታ ጮኸ። ከጋሽ ተካ አሮጌ ቀበቶዎች የእግር ማሰሪያ ቆረጡለት፤ የመጥረጊያ እጀታ ምርኩዝ ሆነ፤ ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን የጧፍ ቁራጭ አቅልጠን፣ በረዶው ላይ እንዲንሸራተት የእንጨቱን ሆድ ቀባነው። ናቲ «ኃጢአት አይደለም እማማ?» ብሎ ጠየቃቸው። «አጥብቀህ እሽ» ነው ያሉት።

ከዚያ የካቲት ላይ ያ ትልቁ በረዶ መጣ። ያንን ክረምት እዚህ አካባቢ የኖረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ መኪናዎች ጠፍተው ጉብታ ብቻ ቀረ፣ መብራት ሄደ፣ ጆርጂያ አቬኑ ራሱ ዝም አለ። በረዶው ባቆመ ማግስት፣ ፀሐይ ወጥታ ዓይን እየወጋች፣ እናቴን ጨምሮ ሁላችንም መስኮት ላይ ተደርድረን ሳለ፣ ከዳገቱ አናት አንድ ቀይ ካፖርት ብቅ አለ።

«ማነው ያ እብድ?» አለች እናቴ። ቀጥላ ጮኸች። «ወላዲተ አምላክ! እማማ የሺ ናቸው!»

ነጠላቸውን ከኮፍያቸው በላይ ጠምጥመውታል። በቀጥታ አይወርዱም፤ ከመንገዱ አንድ ጎን ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ ቀስ እያሉ ነው የሚመጡት። መሃል ላይ ወደቁ። አካፋ ይዘው በረዶ ሲዝቁ የነበሩ ጎረቤቶች ወደሳቸው መሮጥ ጀመሩ። እማማ የሺ ተኝተው እንዳሉ የመጥረጊያ እጀታቸውን አንስተው «ተዉኝ!» አሉ። አማርኛ የማይሰሙት ሁሉ ገባቸው፤ ባሉበት ቆሙ። ተነሱ። ሄዱ። እንደገና ወደቁ፤ እንደገና ተነሱ። ጎረቤታቸው ኤልሳልቫዶራዊው ሽማግሌ አካፋውን ጥሎ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከየበረንዳው ሌሎችም ተከተሉት። እሳቸው ግን አንድም ጊዜ ቀና ብለው አላዩም፤ እግራቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት።

በራችን ላይ ሲደርሱ ሽፋሽፍታቸው ላይ በረዶ ነበር። እናቴ ጎትታ አስገባቻቸውና ቁጣዋን መዋጥ አቃታት።

«ቢሰበሩስ እማማ?»

«እኔ ነኝ ወይስ እንጨቱ?» አሉ እማማ የሺ፣ እያለከለኩ።

ይህን ጊዜ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ዳንኤል ነው። ቤታቸው ደውሎ ደውሎ የሚያነሳ አጥቷል፤ ድምፁ ክፍሉ ሙሉ ይሰማል። እናቴ ስልኩን ሰጠቻቸው።

«እማዬ! የት ነሽ?»

«ሰው ልጠይቅ ወጥቻለሁ።»

«በምን? መንገዱ ዝግ ነው እኮ!»

«በአባትህ እንጨት።»

እናቴ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። ከዚያ ዳንኤል፣ በሌላ ድምፅ፣ እንደ ልጅ፣ «ቻለሽ?» ብሎ ጠየቀ።

«ቻለኝ» አሉት።

እናቴ እኛ ዘንድ ይደሩ ብትላቸው እንቢ አሉ። ዳገቱን ሲወጡ፣ በጎን በጎን አንድ እርምጃ እየቆነጠሩ፣ እኔ እንጨታቸው በከፈተው ቦይ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው። ብዙ ጊዜ ቆመን ትንፋሽ ወስደናል። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ በመጥረጊያው እጀታ መታ አደረጉኝ።

ዳንኤል ከዚያ በኋላ የቤዝመንቱን ነገር አላነሳም። እማማ የሺ በዚያው ቤት ለዓመታት ኖረው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ አረፉ። ዳንኤል ጋራዡን ሲያጸዳ ላግዘው ሄድኩ፤ እኔ ትልቅ ሴት ሆኛለሁ፣ እሱ ሸብቷል። ስኪዎቹን ማንም እንዲነካ አልፈቀደም፤ ራሱ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫናቸው። ተመልሶ ሲመጣ፣

«ለናንተ ተረት ትነግራችሁ ነበር አሉ» አለኝ።

«ሁልጊዜ።»

«ለኔ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ሁለት ሥራ ነበር የምትሠራው። ቤት ስትገባ እኔ ተኝቻለሁ።»

ማጽዳቱን ትተን ተቀመጥንና ነገርኩት፤ የሚታወሰኝን ሁሉ፣ እየተደነቃቀፍኩ፣ ስድቦቹን ሳይቀር። ስድቦቹ ላይ ስደርስ ሳቀ፤ «እሷ ናት፣ ራሷ ናት!» አለ፣ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ።

ብዙዎቹን ተረቶች ዛሬ ረስቻቸዋለሁ። የቀረኝ ምን እንደሆነ ሳስብ፣ እሳቱና ጭሱ እንዳለ ሆኖ፣ በዚያ ሁሉ ሰሞን እማማ የሺ «ይቻላል ወይ?» ብለው ማንንም ሲጠይቁ አለመስማቴ ነው። እንዴት እንደሚቀልበስ ይጠይቃሉ፣ ምን ያህል እንደሚቀቀል ይጠይቃሉ፤ ያንን ጥያቄ ግን አያውቁትም። እኔም ፋርማሲ መማሩን በመሃል ትቼ አናጢነት ስጀምር ማንንም አላስፈቀድኩም። እናቴ ለወራት አኮረፈችኝ። አሁን እዚሁ አቅራቢያ፣ ዊተን ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ፤ በርና ቁም ሣጥን እሠራለሁ። እናቴ ዛሬም አልፎ አልፎ «ያን ፋርማሲ ብትጨርሺው ኖሮ» ትለኛለች። ትበል። የምትገባበትንና የምትወጣበትን በር የሠራሁላት እኔ ነኝ፤ ሲከፈት ድምፅ የለውም።