የራስጌው ሳንቃ

የሳንቃውን ጥላሸት በጠርሙስ ስባሪ ስፍቅ መስቀል ብቅ አለ። መፋቁን ተውሁ። ከመስቀሉ ሥር በቢላ የተቦረቦረ ጽሕፈትም አለ። እኔ ፊደል እንደ ለየሁ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁ፤ እንዲህ ያረጀ ጽሕፈት አይገባኝም። መስቀሉ ግን ገባኝ።

ሳንቃው የልጄ አልጋ ራስጌ ነው። ልጄ ደግሞ አራስ ናት፤ ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ።

ሳንቃዎቹን ከወገዳ ገበያ ነው የገዛኋቸው፣ አሮጌ እንጨት እየለቀመ ከሚቸረችር ሰው። «ከቤተ ክርስቲያን ግቢ የወጣ ጥድ ነው፤ ነቀዝ አይደፍረውም» ሲለኝ ጥንካሬውን ማወደሱ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተሸክሜ መጣሁ። የተሰነጠቀውን ለዕቃ መደርደሪያ አደረግሁት፤ ደህና ደህናውን አልጋ አሠራሁበት። ያን ዕለት ራስጌውን የነቀልሁት፣ ትኋን ሕፃኑን እየበላ ቢያስለቅሰው ፍቄ የፈላ ውኃ ላፈስበት ነው። መስቀሉን ሳይ ትኋኑን ረሳሁት። የታቦት መንበር እንጨት ቢሆንስ? አራስ ከነደሟ መንበር ላይ አስተኝቼ! የሕፃኑ ልቅሶም የእግዚአብሔር ቁጣ ነው አልሁ።

ሳንቃውን በነጠላዬ ጠቅልዬ አዘልሁት።

«እማ፣ ራስጌዬን ወዴት?» አለች ልጄ።

«ላሳጥበው ነው።»

«ሰው ልብስ ያሳጥባል፤ አንቺ አልጋ!»

አልሳቅሁም። ዳገቱን እንዴት እንደ ወጣሁት አላውቅም። የነፍስ አባቴ ከደጃቸው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ልጅሽ ወለደች ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ያዘልሽው እሱን ነው? ረዘመሳ!»

ተንበርክኬ ገለጥሁላቸው፤ ሁሉንም ተናገርሁ። ሳንቃውን ወደ ብርሃን አዘንብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። አለቀልኝ፣ እያለቀሱ ነው አልሁ። ለካ ሳቅ ነው።

«‹የኔታ ዛሬም ገረፉኝ፤ እሱ ይይላቸው› ይላል። የተማሪ እጅ ነው፣ አንቺ ሞኝ! የቆሎ ተማሪዎች መቀመጫ ነበር፤ ጎጆው ሲፈርስ እኛው ነን የሸጥነው።»

«መንበር አይደለም?»

«የመቅደስ ዕቃ ገበያ አይወጣም።» መልሰው አዩትና፣ «የገረፍሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አሉ።

«ሕፃኑስ አባ? ያለቅሳል እኮ።»

«ትኋን ቢበላሽ አንቺስ አታለቅሽም? ሂጂ፣ የፈላ ውኃሽን አፍስሽበት።»

ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬን ጠረግሁና ቁልቁለቱን ወረድሁ።

ቤት ስገባ ልጄ ሕፃኑን እያጠባች ናት። «እማ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ።

«ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። አሁን ምንም የለብንም። ደህና ነን» አልኋት።