ደብተሩን ዝጉት

ያን ጊዜ በቀን ሁለት ፈረቃ አስተምር ነበር። ድካሙ ከእኔ ጋር ይተኛል፣ ከእኔ ጋር ይነሳል። አስመራ ውስጥ ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ከሆነ ወዲህ ልጆቹም ደክመዋል፤ ቤታቸው በማይናገሩት ቋንቋ ሳይንስ መሸምደድ ቀልድ አይደለም።

በዚህ መሀል አንድ የሥነ ልቦና ምሁር ከአዲስ አበባ ለጥናት መጣ። አርባ የስምንተኛ ክፍል ልጆች በእጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ሁለቱም ቡድን ያንኑ ምንባብ ይይዛሉ፣ እኩል ሰዓት ይቀመጣሉ፣ አስተማሪያቸውም እኔው ነኝ። ልዩነቱ አንድ ብቻ፦ ግማሾቹ ደጋግመው ያነባሉ፣ ግማሾቹ አንዴ አንብበው ደብተር ዘግተው በቃላቸው ይመልሳሉ። «ሌላ ነገር ከገባበት የቱ እንደ ሠራ አናውቅም» አለኝ። መዝጋቱ ከጠቀመ ዲሬክተሩ በሚቀጥለው ዓመት ለሁሉም ክፍል ሰዓት ሊመድቡ ቃል ገብተዋል።

«እጣው ለምን አስፈለገ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንተ ከመረጥክ የምታዝንላቸውን ወደ አንድ ወገን ትሰበስባለህ» አለኝ። ተቀየምኩት።

የአንዲት ልብስ አጣቢ ልጅ እጣዋ ደጋግመው ከሚያነቡት፣ ከደጋሚዎቹ ጋር ወጣ። ወር ሳይሞላ ዘጊዎቹ ምላሳቸው ተፈታ፤ እሷ ግን እዚያው ናት። እናትየው ከጸጸራት ሰፈር በእግሯ መጣች።

«መምህር፣ ጓለይ፣ ልጄ፣ ከማን ታንሳለች? የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ከወደቀች ከእኔ ጋር ማጠብ ነው።»

«እጣ ነው እኮ፣ እናቴ።»

«ዕጫ ድዩ፣ እጣ ነው? ሓደራ፣ መምህር።»

አንጀቴን በላችው። በማግስቱ ልጅቱን ለብቻዋ አስቀርቼ ደብተሯን አስዘጋኋት። ለማንም እንዳትነግሪ ብላትም፣ በሳምንቱ በአሮጌው ምሽግ በፎርቶ በኩል ሳልፍ ደጋሚዎቹ በሙሉ ግንብ ላይ ተደርድረው፣ ደብተራቸውን ዘግተው፣ እሷ ስትጠይቃቸው አየሁ። መቆጣት ነበረብኝ። ደስ አለኝ።

በመጨረሻ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ውጤት አመጡ። ምሁሩ ወረቀቶቹን ደጋግሞ አየና፣ «የተለየ ነገር ተፈጥሮ ነበር?» አለኝ። እንጀራዬን ፈርቼ «የለም» አልኩ። ዘዴው አይጠቅምም ብሎ ጽፎ ሄደ፤ ዲሬክተሩም ሰዓቱን ሰረዙት። ልጅቱ ፈተናዋን አለፈች።

በዓመቱ ታናሽ እህቷ እኔ ክፍል ገባች። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ እኔም ከድካም ብዛት ሰው መስማት አቅቶኛል። እናትየው ትንሿን በእጇ ይዛ መጣች።

«ለትልቋ ያደረጉላትን ለዚህችም።»

«ያ ነገር አይጠቅምም ተብሏል። በጥናት ተረጋግጧል።»

«ትልቋን ጠቅሟት የለም እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። «እሷማ በራሷ ጎበዝ ስለሆነች ነው» አልኩ።

እናትየው ትንሽ አሰበችና አመነችኝ። «እወ፣ ልክ ነው» አለች፣ «ይህችኛዋ ፈዛዛ ናት።»

ትንሿ አጠገቧ ቆማ ትሰማ ነበር።