በደቻቱ አሸዋ ላይ የተለማመድኩት ትራምፔት

በቅርቡ በእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ከሙዚቀኞቹ አንዱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የትራምፔቱን ሳጥን ሲከፍት፣ የነሐስና የማሽን ዘይት ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን መታኝና ከንፈሬ ሳላዘው ጥብቅ አለ።

በንጉሡ ዘመን፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ጓድ ክራር መቺ ነበርኩ። ክራሩን ለሴት ልጅ ያምራል ብለው ሰጡኝ እንጂ እኔ አልመረጥኩትም፤ ዓይኔ ያረፈው ትራምፔቱ ላይ ነበር። የሚነፋው ልጅ ቤተሰቡን ተከትሎ ጅቡቲ ሲገባ ትራምፔቱ ባለቤት አጥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ፤ እኔም ወደ ሙዚቃ መምህራችን ወደ ሙሴ ሃኮብ ሄጄ «ለእኔ ስጠኝ» አልኩት፤ ድሬ ላይ አንቱታ ለመምህር እንኳ አይወጣልንም። ሙሴ ሃኮብ እዚያው ድሬ የተወለደ አርመን፣ ጠዋት ሰዓት እየጠገነ ከሰዓት እኛን የሚያስተምር፣ በአማርኛ ሴትና ወንድ መለየት ዕድሜ ልኩን ያልሆነለት ሰው ነበር።

«አንተ ጥርስ አለህ፣ ሆድ አለህ። ትራምፔት ሌላ ምን ይፈልጋል?» ብሎ ሰጠኝ፤ በዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይም ብቻዬን እንድነፋ ስሜን አስገባ።

ቤት ውስጥ መለማመድ አልተቻለም። ጎረቤታችን ሃዋ፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትነግደው ሶማሌ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ «አቦ፣ ግመል ነው እንዴ የምታርዱት?» ስትል ጮኸች። ስለዚህ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ተጋድሞ፣ ከተማው በሙቀት ጭጭ በሚልበት ሰዓት ወደ ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ እወርድ ጀመር፤ ነሐሱ እንዳያቃጥለኝ በሻሼ ጠቅልዬ እይዘውና ፍየሎቹ እስኪበረግጉ እነፋ ነበር። ከንፈሬ አብጦ ስመለስ እናቴ ቅቤ እየቀባችኝ «ማን ያገባሻል?» ትለኛለች። የመረጥኩት ዜማ ሃዋ ጨርቋን ስታጥፍ የምታንጎራጉረው የሰርግ ዜማ ነበር። አንድ ቀን በመንገዷ ቆማ ሰማችኝና «እዚህ ጋ አትሩጪ፣ ሙሽራዋ የምታለቅስበት ነው» ብላ ራሷ እያዜመች አረመችኝ።

በዓሉ ሊደርስ ሲል ዲሬክተሩ ቢሮው አስጠራኝ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ከረባቱን የማያላላ ሰው ነበር። «ሴት ልጅ በእንግዶች ፊት ጉንጯን ነፍታ መቆሟ ነውር ነው። ክራርሽን ትመቻለሽ» አለኝ። ሙሴ ሃኮብ ተከራከረው፤ አልሆነለትም። ቤት ገብቼ በባቡር ወርክሾፕ መዶሻ ጆሮው ለደከመው አባቴ እየጮህኩ ነገርኩት።

«ትችይበታለሽ ወይ?» አለኝ።

«እችልበታለሁ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

በበዓሉ ቀን ስሜ ከነክራሬ ተጠራ። መድረኩ ላይ ወጣሁ፣ ክራሩን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ፣ ወደ ሙሴ ሃኮብ ሄጄ እጄን ዘረጋሁ። እሱም ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ትራምፔቱን አቀበለኝ። የመጀመሪያው ድምፅ ተሰነጠቀ። የፊት ወንበሮቹ ሳቁ፤ ዲሬክተሩም ከመቀመጫው ብድግ አለ። ዓይኔን ከእሱ ሳልነቅል እንደገና ጀመርኩ። ሙሽራዋ የምታለቅስበት ጋ ስደርስ አልሮጥኩም፤ ትንፋሼ እስከሚበቃው ድረስ ያዝኩት። ያኔ ከኋላ ሃዋና ጓደኞቿ በጭብጨባ ተቀበሉኝና አዳራሹ ተከተላቸው፤ ዲሬክተሩ ቆሞ ከመቅረት ብሎ እሱም በጣቶቹ ጫፍ አጨበጨበ።

ሰኞ ከሙዚቃ ጓዱ አባረረኝ። በሰልፍ ላይ ይቅርታ ከጠየቅኩ ቢያንስ ክራሩን እንደሚመልስልኝ ላከብኝ። ጓደኞቼ ለመኑኝ፣ እናቴም አለቀሰች።

ትራምፔት ከዚያ ወዲያ ነፍቼ አላውቅም። ሙሴ ሃኮብ አገር ለቆ ሄደ፤ የሰዓት ቤቱ ዛሬ ሞባይል ይሸጥበታል። አባቴም ሃዋም አፈር ለብሰዋል፤ ያን ዜማ ከነስህተቱ የሚያውቅ ከእኔ በቀር የቀረ ሰው መኖሩን እንጃ። ጥርሶቼ እንኳ የራሴ አይደሉም። ሙዚቀኛ እሆን ነበር ወይ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ያንገበግበኛልም። ይቅርታውን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።