በእናቴ ጀርባ ልክ

ጎረቤቴ ሰሞኑን በር እያሠራ ነው። አናጢዎቹ ቀኑን ሙሉ ማሽናቸውን ሲያስጮኹ ይውላሉ፤ ሰጋቱራው አጥሩን ዘሎ ሻዬ ውስጥ ይገባል። ሌላ ቀን ቢሆን ወጥቼ እጣላቸው ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ከመጣላት ሌላ ምን ሥራ አለኝ። ትናንት ግን የተላገው እንጨት ሽታ ከተቀመጥኩበት አስነሣኝ። ዋንዛ ነበር። ዋንዛ ሲላግ እንደ ጥድ አይሰነፍጥም፤ ለስለስ ያለ፣ ጣፈጥ የሚል ሽታ ነው ያለው። ዱላዬን ይዤ አጥሩ ሥር ቆምኩ። አንደኛው ልጅ ቀና ብሎ "አባባ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ?" አለኝ። ምን ልበለው? "ሥራህን ሥራ" ብዬው ተመለስኩ። ሻዬ ቀዝቅዞ፣ እኔም እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዋልኩ።

በጃንሆይ ዘመን አቃቂ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። ጠዋት በፋብሪካው ጡሩምባ እንነሣለን፤ ከሰዓት በባቡሩ ፉጨት ጊዜ እንለያለን፣ ባቡሩ ራሱ ሰዓት አክብሮ ባያውቅም። አባቴ ጥጥ በሚበጠርበት ክፍል ነበር የሚሠሩት። ከፈረቃ ሲወጡ ቅንድባቸውም ጢማቸውም ነጭ ሆኖ ይመጣሉ። ልጅ ሳለሁ አባቴ በየቀኑ ሸምግለው የሚመለሱ ይመስለኝ ነበር፤ እናቴ ውኃ ታፈስላቸዋለች፣ ታጥበው ቀና ሲሉ ተመልሰው ጎልማሳ ይሆናሉ።

ጥጡ ግን ፊት ላይ ብቻ አልቀረም። እኔ አድጌ እዚያው ፋብሪካ አናጢ ክፍል በተቀጠርኩበት ጊዜ አባቴ ሥራ ትተው ቤት ውለዋል። ደረታቸው እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል። ጋደም ያሉ እንደሆነ ትንፋሻቸው ይቆረጣል። የክሊኒኩ ድሬሰር "ከፍ ብለው ይተኙ" አላቸው፤ መናገርማ ቀላል ነው። ትራስ ደራረብን፣ ጭድ የተሞላ ጆንያ አስደገፍን፤ ሁሉም እየተንሸራተተ ይጥላቸዋል። በመጨረሻ የማይንሸራተት ነገር ያገኘችው እናቴ ነበረች። አልጋው ላይ ጀርባዋን ሰጥታቸው ትቀመጣለች፣ እሳቸው ጀርባቸውን ጀርባዋ ላይ ያሳርፋሉ፤ እንደዚያ ሆነው ያነጋሉ። አባቴ ይተኛሉ። እናቴ ግድግዳ ሆና ታድራለች።

ቀን ደግሞ ለሰው ሁሉ ቀን ነው፤ ገበያው አለ፣ ውኃው አለ፣ ልብሱ አለ። እናቴ እየከሳች፣ ዓይኖቿ እየጎደጎዱ ሄዱ። አንድ ቀን ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወርዳ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች አንቀላፍታ ውኃው ውስጥ ገባች። ጎረቤት ጎትቶ አወጣት። ቤት ስትደርስ ልብሷ እየተንጠባጠበ "አዳልጦኝ ነው" አለች። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ውሸቷን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። በዚያን ቀን ፍርሃት ያዘኝ፤ አባቴን ለማትረፍ ስንል እናቴን ልናጣት ነው ብዬ ፈራሁ።

ወንበሩ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ቀደም ብሎ የፋብሪካው የውጭ አገር መሐንዲስ ቤት መስኮት ልጠግን ተልኬ በረንዳው ላይ ተወዛዋዥ ወንበር አይቼ ነበር። ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ ተቀመጥኩበት። ወደ ኋላ ሲወስደኝ የተገለበጥኩ መስሎኝ "ድረሽልኝ ማርያም!" ብዬ ጮኽኩ። ወንበሩ ግን ራሱ መለሰኝ። ትንሽ ስደፍር ነገሩ ገባኝ፤ ሰው ሳይጋደም የሚጋደምበት ወንበር ነው። በእግር ጣት መሬቱን ነካ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ዋንዛ ነበረኝ፣ የደረቀ፣ ለሠርጌ አልጋ ብዬ ያስቀመጥኩት። እጮኛዬን ሳማክራት "እኛ መሬትም ላይ እንተኛለን፣ ለአባትህ ይሁን" አለችኝ። ደግ ቃል ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ ወገቧን ባመማት ቁጥር ታነሣብኛለች።

ችግሩ ልክ ነበር። እንዲህ ያለ ወንበር ጣውላ ገጣጥሞ የሚሠራ አይደለም፤ እንደ ተቀማጩ ገላ እየተፈለፈለ የሚቀረጽ ነው። የታመመ ሰው ደግሞ ትንሽ ነገር ይቆረቁረዋል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ በሩን ተደግፈው ጸሐይ ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው ሲባጎ ከኪሴ አወጣሁ። ከማጅራታቸው እስከ ወገባቸው ለክቼ ቋጠርኩ፣ ከወገባቸው እስከ ጉልበታቸው ለክቼ ቋጠርኩ። የትከሻቸውን ስፋት ስይዝ ከኋላዬ እንስራ ተሰበረ። እናቴ ነበረች።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"እማዬ፣ ለወንበር..."

"በሲባጎ? አባትህን በቁማቸው ለካሃቸው?"

ይህን ነገር እኔ ራሴ ማወቅ ነበረብኝ። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ለዕድሩ የሬሳ ሣጥን የምሠራው እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት ስገባ ሴቶቹ መንገድ ይለቁልኛል፣ ሲባጎዬን ይዤ ሬሳው ያለበት እገባለሁ፣ ለክቼ እወጣለሁ። ያንን ሲባጎ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ከልምዴ ብዛት ሲባጎ መሆኑን እንጂ የምን ሲባጎ መሆኑን አላስብም ነበር።

"ልብስ ሰፊም እኮ ይለካል" አልኳት።

"ልብስ ሰፊ ሣጥን አይሠራም!"

ከእጄ ነጥቃ እሳት ውስጥ ጨመረችው። አባቴ በጩኸቱ ነቅተው ኖሮ ግራና ቀኝ አይተውን ነገሩ ገባቸው። "ስንት ወጣሁ? አጥሬ እንደሆነ ንገረኝ" ብለው ሣቁ፤ ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠ። እናቴ ተንበርክካ ደረታቸውን ደገፈች። እያለቀሰች ነበር። "ያ ወንበር ቤቴ እንዳይገባ" አለችኝ ሳትመለከተኝ።

ከዚያ በኋላ እንጀራ ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም። ጓሮ ካለችው ዳሴ ገብቼ በግምት መሥራት ጀመርኩ። የሚወዛወዙትን እግሮች ከጎባጣ የወይራ ቅርንጫፍ አወጣኋቸው። መጋጠሚያውን ሁሉ በእንጨት ችካልና በኮላ አሰርኩ፤ ሚስማር አልነካውም። እስከ መቀመጫው ድረስ መልካም ነበር። መደገፊያው ላይ ግን ቆምኩ። እናቴ ገበያ በሄደችበት አባቴን ይዤ መጥቼ አስቀመጥኳቸው። ጣውላው አጥንታቸውን ወጋቸው፣ ሳላቸው ተነሣ። "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" እያሉ ቶሎ ብለው ተነሡ። ጥሩ አለመሆኑን ለማወቅ አናጢ መሆን አያስፈልግም። መሮዬን ወርውሬ ተቀመጥኩ። ዋንዛዬም፣ ልፋቴም፣ እናቴም የሚሄዱብኝ መሰለኝ።

እሷ በማግሥቱ ራሷ መጣች። ዳሱ በር ላይ ቆማ ፍቅፋቂውን በእግሯ ገለጥ አደረገች። ብርሃኑ በዳሱ ሣር ቀዳዳ እየገባ ሰጋቱራው ላይ ይወርድ ነበር።

"ጣውላው ወጋኝ አሉኝ አባትህ" አለች። "ምኑ ነው የቸገረህ?"

"ጀርባቸው የት የት እንደሚያርፍ አላውቅም።"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ዞረችልኝ። ቀሚሷ ጀርባው ላይ ሳስቶ፣ አልቆ ነበር። እጇን ወደ ኋላ ቆልምማ ታሳየኝ ጀመር።

"እዚህ ጋ ግራ ትከሻቸው ነው። ቀኙ ዝቅ ይላል፣ እዚህ። ራሳቸው ማጅራቴ ላይ ነው የሚያርፈው። ሳል ሲመጣ ወደ ቀኝ ያጋድላሉ፤ እዚያ ጋ ጎድጎድ አድርገው፣ እንዳይወጋቸው። ታች ወገባቸው ጋ ደግሞ ደገፍ የሚያደርግ ነገር ይፈልጋሉ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ነው የምይዛቸው።"

ሲባጎ አላወጣሁም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጣውላውን ተደገፈች፣ በከሰል ምልክት አደረግሁ፣ ስትነሣ መሮ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከፈረቃ ስመለስ እየመጣች ትደገፈዋለች። "ይኼ ገና ነው" ትላለች። "ይኼ በዛ።" ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታዳምጠው፣ በጀርባዋ። እኔ የማወጣው የአባቴን ጀርባ ይሁን የእናቴን መለየት አቅቶኝ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ጨርሼ ስዳብሰው እንጨቱ እንደ ሰው ገላ ለስልሶ ነበር።

ወንበሩን ራሷ አንድ ጎኑን ይዛ አስገባችው። አባቴ ፈራ ተባ እያሉ ተቀመጡ። ወደ ኋላ ሲሄድ ክንዴን ጨበጡኝ፣ ከዚያ ለቀቁኝ። በእግር ጣታቸው ነካ፣ ነካ አደረጉ። የደረታቸው ፉጨት ቀስ በቀስ እየረገበ ሄደ፣ አገጫቸው ወረደ። ተኙ። እናቴ እጇን የምታደርግበት ጠፍቷት ትንሽ ቆመች። ከዚያ አልጋው ላይ ጋደም አለች፤ ጎኗ ፍራሽ ሳይነካ ስንት ወር አልፎታል። እስኪመሽ አልተነሣችም። ስታንኮራፋ ሰምቼ ከውጭ ብቻዬን ሣቅሁ፤ ደስ አለኝ።

ሰፈሩ እየመጣ አየው። የዕድሩ ዳኛ ዞሮ ዞሮ ካየው በኋላ "ይኼማ ዙፋን ነው፤ ጃንሆይ እንዳይሰሙ" አለ። በዚያ ክረምት አባቴ ፊታቸው ተመለሰ፣ ቀልዳቸውም ተመለሰ። እናቴ ወፈረች። ብቻ አንዳንዴ ከሥራ ስመለስ መሬት ላይ ተቀምጣ ወንበሩን በጎን ተደግፋ አገኛታለሁ። እንደዚያ ስትሆን ወንበሩ አይወዛወዝም። አባቴ "ሄደሽ ተኚ እንጂ፣ አልጋው ባዶ ነው" ይሏታል። ትነሣና ትተኛለች።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ በፈነዳበት ሰሞን ነው። እኔ ፋብሪካ ነበርኩ። ጎረቤት መጥቶ ጠራኝ። አባቴ ከምሳ በኋላ ወንበራቸው ላይ እንደተኙ ቀርተዋል። እናቴ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት አልጋው ላይ ተኝታ ነበር። ነቅታ ስታያቸው እንቅልፍ መስሏት፣ ብርድ እንዳይመታቸው ብላ ጋቢ አልብሳቸዋለች። እግራቸውን ስትሸፍን ነው መቀዝቀዛቸው የታወቃት።

ለቀስተኛው ሁሉ "ሞት ካልቀረ እንዲህ ነው፤ ሳይጨነቁ፣ በእንቅልፋቸው" ይላል። "ልጅሽ አሳርፏቸዋል፣ ተመስገን በይ" ይላታል። እሷም ራሷን ትነቀንቃለች፣ ተመስገን ትላለች። እኔም ያንን እየሰማሁ ተጽናናሁ፤ ኮራሁም ብል ውሸት አይሆንም።

አርባቸው ወጥቶ ዘመድ ከተበተነ በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ወንበሩን ትክ ብላ ስታየው ጊዜ "እማዬ፣ ከዓይንሽ ላርቀው?" አልኳት።

"ተወው፤ እሱ ምን አጠፋ" አለች። መደገፊያውን በመዳፏ ከላይ ወደ ታች ዳበሰችው። "አባትህን አሳርፏል፣ እኔንም አሳርፎኛል። እጅህ ይባረክ።" ድምፅዋን ሳትለውጥ "ጀርባዬ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ግን፣ ሲሄዱ አውቅ ነበር" አለችኝ።

 እውነቷን ነው።