ባጃጅ ያጠመድንበት ቅዳሜ

ይህ የሆነው አምና፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና በደንብ ሳይደርቅ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ስብሰባ መሀል ትዝ ሲለኝ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኛል። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ምን እንደሚያስቀኝ ጠይቃኝ ሁለቴም ዋሽቻታለሁ። አሁን ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

እኔ ቦሌ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ምሕረት ደግሞ እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ካለ ቢሮ ነበረች። ሁለት ዓመት ተዋደድን፣ ለመጋባትም ቆረጥን። የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ ጋሼ ጳውሎስ "ሽማግሌ ላክ" እንዲሉኝ። ምሕረት በግልጽ ነግራኛለች፤ እሳቸው ሳይወዱ ሽማግሌ ብልክ ሽማግሌዎቼ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ።

ጋሼ ጳውሎስ የአርባ ምንጭ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ቢያስተምሩም ልባቸው ያለው ጫሞ ሐይቅ ላይ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከምሕረት ጋር አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የሽማግሌውን ነገር ላነሣ አፌን ስከፍት ወሬውን ወደ ዓሣ ይመልሱታል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ስለ አምባዛ ጢም ተምሬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ዘዴ ቀየርኩ። ቦሌ ይኖር የነበረ አንድ የውጭ ዜጋ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ ጥሩ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አገኘሁ። ዘንጉ ላይ የሚገጠመውን፣ ክሩ የሚጠቀለልበትን መዘውር ደግሞ ከሌላ ሰው ገዛሁ። ሁለቱ እንደማይገጥሙ እኔ በምን አውቄ? ዓሣ የማውቀው ሳህን ላይ ነው።

ስጦታውን ስሰጣቸው ጋሼ ጳውሎስ ፊታቸው በራ። መዘውሩን ዘንጉ ላይ አስቀምጠው ማጥበቂያውን ቀለበት አዞሩና በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ፊታቸው ወዲያው ቀዘቀዘ።

"ለትንንሾቹ ይሆናል" አሉኝ። "ትልቅ ዓሣ ግን መጀመሪያ የሚፈትነው ይህችን ቦታ ነው።"

ከዚያ በጎልማሳነታቸው የገጠማቸውን አጫወቱኝ። አንድ ትልቅ ዓሣ መዘውሩን ከነክሩ ነቅሎባቸው ጫሞ ውስጥ ገባ፣ እሳቸው ባዶ ዘንግ ይዘው ጀልባ ላይ ቀሩ። ሲያወሩት ድምፃቸው ዝቅ አለ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ነገር አይመስልም።

ይኼኔ ነው አፌ ያመለጠኝ። "ለእኔ ይተዉት ጋሼ፣ በገዛ እጄ አስሬ አመጣዋለሁ" አልኩ። ምሕረት ከጀርባቸው ሆና በዓይኗ ተው ትለኛለች። ቤቴ አምፖል ሲቃጠል የምትቀይርልኝ እሷ ነበረቻ! እሳቸው ግን ቅዳሜ እናየዋለን ብለው ዘንጉን አስታቀፉኝ።

በፕላስተር ጠቀለልኩት፣ ተነቃነቀ። በሲባጎ አሰርኩት፣ ተነቃነቀ። በማጣበቂያ ሞከርኩ፣ የተጣበቀው ጣቴ ብቻ ነው። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ጨነቀኝና አያት ሰፈር መንገድ ዳር ጎማ ከሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ በላቸው ይባላሉ። መኪናዬን ፈልገው ወደ ኋላዬ አዩ። ዘንጉን አወጣሁ። ዘንጉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተቀበሉኝ።

ከዚያ ግን እጃቸው! መጀመሪያ ዘንጉንና የመዘውሩን እግር በጨርቅ ጠረጉ፤ ቅባት ካለ ይንሸራተታል አሉ። አንድ አሮጌ ከመነዳሪ፣ ያንን አየር የሚሞላውን የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ አንሥተው በረዣዥሙ ሸነሸኑት። ከሥሩ ቁራጭ ላስቲክ አንጥፈው መዘውሩን አስቀመጡና ቀለበቱን አጠበቁ። በላዩ ከመነዳሪውን እስኪሳሳ እየለጠጡ መጠምጠም ጀመሩ፣ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ግማሽ ይሸፍናል። ጫፉን በመጨረሻዎቹ ዙሮች ሥር አሾልከው በጉጠት ሳቡት። ገፋሁት፣ ወይ ፍንክች! በደስታ የመጣሁበትን ጉዳይ ከነሽማግሌው ዘከዘክኩላቸው። ስቀው ስቀው፣ ዓሣው ይበጠሳል እንጂ ይሄ አይለቅም አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ግቢው ውስጥ ተገናኘን። ጋሼ ጳውሎስ ዘንጉን ተቀብለው ለትልቅ ዓሣ ያስቀመጡትን ወፍራም ክር ጠቀለሉበት። መዘውሩን በአውራ ጣታቸው ገፉት። እንደገና ገፉት። ማን እንዳሰረው ሲጠይቁኝ ዓይኔን ሳላሽ "እኔ" አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዝም ብሎ ወጣ።

እሳቸው ግን በአውራ ጣት ብቻ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። በትልቅ ነገር መፈተን አለበት አሉ። ዙሪያችንን ብናይ ሐይቅ የለም። ያለው የጎረቤታቸው የሙላቱ ባጃጅ ነው። የክሩን ጫፍ ከባጃጁ ኋላ አሰሩና ሙላቱን ቀስ ብሎ እንዲነዳ፣ "በቃ" ሲሉት እንዲቆም ነገሩት። የመዘውሩን ፍሬንም ክር እንዳይለቅ እስከ መጨረሻው አጠበቁት። ፈተና ከሆነ አይቀር ይጥበቅ ብለው ነው።

ዘንጉን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፣ ባጃጁ ተነሣ። ክሩ ተወጠረ፣ ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ። መዘውሩ ንቅንቅ አላለም! ጋሼ ጳውሎስ የሃያ ዓመት ልጅ መሰሉ። እኔማ የሠርጌ ዘፈን እየተሰማኝ ነበር።

"በቃ!" አሉ።

ሙላቱ መዝሙሩን ከፍቷል። የባጃጁ መስታወት እስኪንቀጠቀጥ ነው የከፈተው። ምን ይስማ? እንደተነገረው ቀስ ብሎ መንዳቱን ቀጠለ። ጋሼ ጳውሎስ አንድ እርምጃ ተጎተቱ፣ ሁለት፣ ከዚያ ሶምሶማ ጀመሩ።

"ይልቀቁት ጋሼ!"

"አልለቅም!" አሉ። "አንዴ ለቅቄያለሁ፣ ዳግመኛ አልለቅም!"

ምን ላድርግ? ወገባቸውን አቀፍኩ። እኔም ተጎተትኩ። ምሕረት ቀበቶዬን ያዘች። ልብስ ታሰጣ የነበረች ጎረቤታቸው እትዬ አልማዝ ነገሩ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ እርጥብ አንሶላዋን ጥላ የምሕረትን ወገብ ጨበጠች። አራታችን ውሃ ባቆሩት ጉድጓዶች መሀል ቸፍ ቸፍ እያልን ከባጃጁ ኋላ እንሮጣለን። በየሰገነቱ ያለው ሰው እየወጣ ያየናል። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሙላቱ በመዝሙሩ ራሱን እየወዘወዘ ይነዳል።

ያዳነን የግቢው ጥበቃ ነው። ባጃጅ የሚያባርር የሰው ሰልፍ ሲያይ ሌባ መስሎት በሩን ግጥም አድርጎ ዘጋው። ሙላቱ ፍሬን ያዘ። እኛ ግን ፍሬን የለንም። ባጃጁ ኋላ ላይ ተላተምንና ተራ በተራ ጭቃው ላይ ተነባበርን። ጋሼ ጳውሎስ ከሁላችንም በታች ናቸው።

 አማቴ ሳይሆኑ ገደልኳቸው አልኩ። ተሯሩጠን ተነሣን። እሳቸው ጭቃው ላይ እንደተቀመጡ ዘንጉን አንሥተው መዘውሩን በሸሚዛቸው ጠረጉት። አውራ ጣታቸውን አስጠግተው ገፉት። ቀጭ የሚል ድምፅ የለም። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ስደነግጥ ለካ እየሳቁ ነው! እትዬ አልማዝ ቀጠለች፣ ምሕረት ቀጠለች፣ መጨረሻ ላይ ጥበቃው ሳይቀር በሩን ተደግፎ ይንፈራፈራል።

ሳቁ ጋብ ሲል እጄን ያዙና "እንዲህ የሚያስር እጅ ይባረክ" አሉኝ።  በዚህች ውሸት ልጃቸውን ልወስድ ነው። አላስቻለኝም።

"ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ" አልኩ። "ያሰሩት አያት ያሉ ጎሚስታ ናቸው።"

ምሕረት ዓይኗን በጭቃ እጇ ሸፈነች። ጋሼ ጳውሎስ እጄን ገልብጠው ጥፍሮቼን አዩ።

"ጠዋት ሳየው አውቄያለሁ" አሉ። "ይሄን ያሰረ ሰው ጥፍሩ እንዲህ ንጹሕ አይሆንም። እስከ መቼ እንደምትቆይ እያየሁ ነበር።" ተደግፈውኝ ተነሡና ጨመሩ፣ "ሽማግሌ ስትልክ ሰውየውንም አምጣቸው። ያለ እሳቸው በሬን እንዳታንኳኳ።"

እንዳሉትም ሆነ። አጎቴ፣ አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬና ጋሽ በላቸው ሄዱ። ጋሽ በላቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እጃቸውን በሳሙና ፈትገው፣ ጥፍራቸው ግን እንደጠቆረ ነው። አጎቴ ከአንዴም ሦስት ጊዜ ተመላልሰው እንደሚለምኑ ገምተው ንግግራቸውን በደንብ አጥንተዋል። ተነሥተው የዘር ሐረጌን መቁጠር ሲጀምሩ ጋሼ ጳውሎስና ጋሽ በላቸው ዘንጉን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አንገታቸውን ደፍተዋል። አጎቴ ቅድመ አያቴ ላይ ሲደርሱ ጋሼ ጳውሎስ ቀና አሉ።

"ልጅቷን ሰጥተናል፣ ይቀመጡ" አሏቸውና ወደ ጋሽ በላቸው ዞሩ። "እሺ፣ ይቺን ጫፏን እንዴት አድርገው ነው ያሾለኳት?"

አጎቴ ያልጨረሱት ንግግር እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዘንጉን ይዘው ጫሞ ደርሰው መጥተዋል፣ እኔን አልጠሩኝም። አምፖሉንም አሁንም የምትቀይረው ምሕረት ናት። ግን አያት በኩል ሳልፍ ጋሽ በላቸው ጎማ ላይ አጎንብሰው ባየሁ ቁጥር ደስታው እንደ አዲስ ይመጣብኛል፤ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውም ሸሸት ይላል።