ወረቀቱ የተላጠው ሃይላንድ

ደብረወርቅ ውሃ ያለበት ሃይላንድ አግኝታ እንደ ዘበት ደፍታው አታውቅም ነበር። ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ የቆሻሻ ሠራተኛ ናት። ከዶርሙ፣ ከካፌው፣ ከቢሮውና ከላብራቶሪው የሚወጣው ሁሉ ተጭኖ ከግቢው ጀርባ ካለው የቆርቆሮ መጠለያ ይደፋል፤ እሷ ቁጭ ብላ ትለየዋለች። የእንጀራው ትራፊ ለከብት አድላቢዎች ይሄዳል። ወረቀቱ ለብቻ፣ ላስቲኩ ለብቻ፣ ባዶ ሃይላንዱ ደግሞ ተጨፍልቆ በማዳበሪያ ከረጢት ይታሰራል። ላብራቶሪው የራሱ ቀይ በርሜል አለው። እሱን አትነካውም፤ ባለቤቶቹ መጥተው ይወስዱታል።

ውሃ ያለበት ሃይላንድ ግን ሌላ ጣጣ አለው። እናት ልጇን ወደ ትምህርት ስትሸኝ ጠበል ሞልታ ትሰጠዋለች። ልጁም ዶርም ሲገባ የሃይላንዱን ወረቀት ልጦ ይጥለዋል፤ አንዱ ጓደኛው ተራ ውሃ መስሎት ግጥም እንዳያደርግበት ነው። በዚያ ግቢ ዶርም ያደረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወረቀቱ የተላጠ እንደሆነ ጠበል ነው፣ አይነካም። ዓመቱ አልቆ ሻንጣ ሲታሰር ግን ማን ጠበል ያስታውሳል! ከአልጋ ሥር ያለው ሁሉ ተጠራርጎ ወደ በርሜል ይገባል።

ይሄ ደብረወርቅን ያንገበግባታል። «ኧረ የኛ ዘመናዮች! ጠበል ከሙዝ ልጣጭ ጋር? እናትህ ብታይህ ምን ትል?» እያለች፣ የሚሰማት እንኳ ሳይኖር፣ አንድ በአንድ ትለቅመዋለች። በነጠላዋ ጠቅልላ ቤቷ ትወስድና እግር የማይረግጠው ቦታ፣ ከአጥሯ ጥግ ካለችው ጽድ ሥር ታፈሰዋለች። ክዳኑ እንደተጠበቀ ያገኘችውን ግን አታፈሰውም። እሱ ለየሺዋስ ነው።

የሺዋስ ባሏ ነው። በቅሎ ጫኝ ነበር፤ የፈረንጆቹን ድንኳንና ጓዝ ጭኖ ከደባርቅ እስከ ጊች ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው። ድምፁማ አይነሣ! ከገደሉ ማዶ ሆኖ በቅሎውን ሲጣራ ወዲህ ማዶ ያለው ሰው «አቤት!» ብሎ ይነሣ ነበር፤ ደብረወርቅንም የያዛት መልኩ አይደለም፣ ያ ድምፁ ነው። በኋላ አገሩ ሰላም አጣና እንግዳው ቀረ። በቅሎው ተሸጠች። የሺዋስም ጨጓራው ተነሥቶበት መደብ ላይ ዋለ፤ ክኒኑም አልሠራለት፣ ፌጦውም አልሠራለት። ማታ ማታ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት እሷ ጀርባዋን አዙራ ታለቅሳለች። ትወደዋለች እኮ! ሃያ ዓመት አብራው ኖራ እንኳ ከሥራ ስትመለስ ድምፁን እስክትሰማ ትቸኩላለች።

ተማሪዎቹ ለክረምት በወጡ ሰሞን ነው። መጠለያው እስከ ጣሪያው ሞልቶ ነበር፤ ፍራሽ፣ ደብተር፣ የተሰበረ ባልዲ፣ ምን የሌለ አለ። ከወረቀቱ ክምር አጠገብ አንድ ሃይላንድ ቆሞ አየች። አፉ ድረስ ሞልቷል። ክዳኑ ጠብቋል። ወረቀቱ ሙልጭ ተደርጎ ተልጧል። ውሃው ኩልል ያለ ነው።

«ስምህ የተመሰገነ ይሁን» ብላ ሃይላንዱን ሳመችው። የሌላውን ቀን ለቀማዋን አላስታወሰችም፤ ይሄ የተላከላት መሰላት። አይ ደብረወርቅ! ማን ይሆን የላከልሽ!

በማግስቱ ጠዋት የሺዋስ ምንም ሳይቀምስ ፊቱን ታጥቦ ተቀመጠ። ጠበል በባዶ ሆድ ነው። እሷ በኩባያ ቀዳችለት፤ እሱ አማትቦ ተጎነጨ። ወዲያው ፊቱ ጭምድድ አለ።

«ደብሬ፣ ያቃጥላል!»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጠበል ቦታ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ በሽተኛው «ተቃጠልኩ!» ብሎ ሲጮህ ዙሪያውን ያለው ሰው አይደነግጥም፣ ደስ ይለዋል። የሚቃጠለው በሽታው ነው። የሚጮኸው ሊለቅ የደረሰው ነው። ደብረወርቅም ልቧ በደስታ ዘለለ።

«እሰይ! እሱ ነው የሚቃጠለው፣ አንተ አይደለህም። በለው የሺዋስ፣ ጨምርበት!»

አያት። ኩባያውን አየው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ግን ያለችው እሷ ናት፤ በሕይወቱ ክፉ መክራው አታውቅም። አንዴ ደግሞ ተጎነጨ። ከዚያ ኩባያው ከእጁ ወደቀ።

ጎረቤት ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሰው። ማህደር የምትባል ወጣት ሐኪም አፉን ከፍታ አየች፤ ምላሱና ጉሮሮው ነጭ ሆኖ ተልጧል።

«ምንድን ነው የጠጣው?»

«ጠበል ነው ዶክተር።»

«ከየት የመጣ?»

ደብረወርቅ ከየት ደብር፣ ከየት ጻድቅ ትበላት? ሐኪሟ ሌላ አልጠየቀችም፤ «እትዬ፣ የቀረውን ይዘሽ ካገኘሽበት ቦታ ምን እንደሆነ ጠይቂልኝ። እኔ ለጎንደር አምቡላንስ ላስጠራ» አለቻት።

ሃይላንዱን ከቤቷ አንሥታ በነጠላዋ ይዛ ወደ ግቢው ሮጠች። መንገድ ላይ ማን ሰላም እንዳላት፣ ማን ገፍቷት እንዳለፈ አታውቅም። በግቢው የሚያቃጥል ነገር ያለው ላብራቶሪው ነው፤ በሩ ላይ ልደቱን አገኘችው። ልደቱ የላብራቶሪው ሠራተኛ ነው፤ ከሌላ አገር መጥቶ ከተቀጠረ ገና ነው፣ በዚያ ግቢ ዶርም አላደረም። ሃይላንዱን ሲያይ ቀለሙ ተለወጠ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ምንድን ነው ልጄ? እባክህ፣ ምንድን ነው?»

«ኧረ እንዳትነኪው! ሥጋ የሚበላ ኬሚካል ነው፤ የተዘጋ ቧንቧ በሱ ነው የሚከፈተው። ቀይ በርሜሉ ተሰንጥቆ ሌላ እስኪመጣ ብዬ ለጊዜው በሃይላንድ ቀድቼ መጠለያው ውስጥ አቆምኩት። ሰው ውሃ መስሎት እንዳይጠጣው ደግሞ... ወረቀቱን ልጬለት ነበር።»

ደብረወርቅ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አለች። እሱም ነገሩ ሲገባው ራሱን ይዞ «ወይኔ፣ ወይኔ» ማለት ጀመረ። ልትረግመው ፈልጋ ነበር፤ እርግማኑ አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ሁለተኛውን ጉንጭ ያስጠጣው ልደቱ አይደለማ! በለው ያለችው እሷ ናት።

ስትመለስ አምቡላንሱ በር ላይ ቆሟል፤ የሺዋስ ግን አልሳፈርም ብሎ አልጋውን ጨብጧል። ሐኪሟ ለምና ለምና ታክቷታል፤ «ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ እንቢ ካለኝ በግድ አልጭነው። አንቺ ንገሪው» አለቻት።

«ምነው የሺዋስ? ምነው የኔ ጌታ?»

ያ የገደል ማዶ ድምፅ ሲሻክርና ሲቆራረጥ ሰማችው። «ጠበሉ ገፋኝ ደብሬ። የማውቀው ኃጢአት አለኝ፤ ለዚያ ነው ያቃጠለኝ። እግዜር የፈረደብኝን ጎንደር ምን ያደርግልኛል? ቄስ ጥሪልኝና ቤቴ ልሙት።»

ደብረወርቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። ዝም ብትል ሕክምናውን እንቢ እንዳለ ይሞታል፤ ያውም እግዜር እንደጣለው እያሰበ። ብትነግረው ደግሞ ምን እንዳጠጣችው ያውቃል። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። ምድር ግን አልተከፈተችም፤ አምቡላንሱም ሞተሩን አላጠፋም።

አልጋው ሥር ተንበረከከች። «ኃጢአትህ አይደለም የሺዋስ። ጠበል አልነበረም። የላብራቶሪ ነው፣ የተጣለ ነው። ወረቀቱ ተልጦ ሳየው ጠበል መስሎኝ ከቆሻሻው መሀል አነሣሁት። እኔ ነኝ፤ እግዜር አይደለም።»

አያት። እንዲህ አድርጎ አይቷት አያውቅም፤ እንደ መንገደኛ።

«ከቆሻሻ?» አላት።

ማንም ሳይደግፈው ተነሣና አምቡላንሱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሲደርሱ ጋቢው ከትከሻው ተንሸራተተና ልታለብሰው እጇን ዘረጋች። በእጁ ገፋ አደረጋት።

ጎንደር ላይ መተንፈሻ እንዲያገኝ ጉሮሮውን በምላጭ ከፈቱለት። ዳነ፤ ዳነ ከተባለ። ምግብ በአፉ አይወርድም፤ ሆዱ ላይ በተተከለች ቱቦ ነው የሚገባለት። ድምፁ አልተመለሰም። ሐኪሞቹም ይመለሳል ብለው አያታልሏትም።

ግቢው አሁን አዲስ ቀይ በርሜል ገዝቷል፤ በላዩም ተጽፎበታል። ደብረወርቅ ዛሬም መጠለያው ውስጥ ቁጭ ብላ ትለያለች፤ ሌላ ምን ትሠራለች? ወረቀቱ የተላጠ ሃይላንድ ስታገኝ ትነሣና ወደ ውጭ ትወጣለች፤ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያነሣው አትመለስም።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ወተት ለብ አድርጋ በቱቦዋ ቀስ እያለች ታንቆረቁርለታለች። ጣቷን ነክራ ቀምሳዋለች፤ ወተት ነው። እንዲያም ሆኖ ሁልጊዜ ትጠይቀዋለች።

«ያቃጥላል?»

የሺዋስ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።