ከፋዩ ላይ የተኛችው ዋኔ

ተክ፣ ተክ፣ ተክ፤ ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ፤ ከዚያ ደግሞ ተክ። በሃምሳዎቹ ዓመታት ወረታ ላይ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገናኙበት ዝቅ ብሎ፣ ይህን ድምፅ የሰማ ሁሉ ልብስ ሰፊው ሳልህ ሥራ ላይ መሆኑን ያውቅ ነበር። ዝምታው የሳልህ ጨዋታ ነው። የስፌት መኪናውን ጥቂት ይረግጥና፣ በደጁ የሚያልፈውን ሰው ከነቤተሰቡ ከነከብቱ ደኅንነቱን ይጠይቃል፤ ሰውየው ከዓይን ሲርቅ እንደገና ይረግጣል።

ሳልህ የሰው ቁመት የሚለካው በባለ ቋጠሮ ገመድ ነበር። ሲለካ ወግ ስለሚጀምር የትኛው ቋጠሮ ላይ እንደ ደረሰ ይጠፋዋል፤ መልሶ መለካት ደግሞ ነውር ይመስለዋል። በዚህ የተነሣ በፎገራ ሜዳ ላይ እጅጌው ጣቱን የሸፈነው ሰው ሲታይ፣ «ይኸን ሳልህ አጫውቶታል» ይባል ነበር። ይሁን እንጂ ስፌቱ አይተረተርም፤ ቃሉም አይታጠፍም። ለበዓል አደርሳለሁ ያለውን ልብስ ሳያደርስ ቀርቶ አያውቅም። የሚኮራበትም ነገር ይኸው አንዱ ብቻ ነበር።

በአንዱ ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ በሜዳው ላይ የተኛው ውሃ መሸሽ ሲጀምር፣ የቁሐር ሚካኤሉ ቄስ መምሬ አበረ ጥቁር የከፋይ ጨርቅ በብብታቸው ይዘው መጡ። እስከዚያ ቀን የሚለብሱት የሟች አጎታቸውን ካባ ነበር። አጎትዬው ዘንግ የሚያህሉ ሰው ስለ ነበሩ፣ አጭሩ መምሬ በበዓል ቀን ጫፉን ረግጠው ከበሮ ላይ ወድቀዋል፤ ከበሮውም እሳቸውም በአንድነት ጮኸዋል።

«ሳልህ፣ ለኅዳር ሚካኤል በልኬ የተሰፋ ካባ እፈልጋለሁ። በዚህ ዓመት ብወድቅ ምእመኑ እልል ይልብኛል።»

«ኢንሻ አላህ መምሬ፣ እርስዎ ትከሻውን ያዘጋጁ እንጂ ካባውስ ደረሰ ይበሉት።»

ሳልህ እንደ ልማዱ እያወጋ ለካቸውና ከፋዩን ቆረጠ፤ አጣጥፎም ከመኪናው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አኖረው። ቀና እላለሁ ሲል ወገቡ እንደ ጎበጠ ቀረ። ሚስቱ ሰኪና በበቅሎ አስጭና ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወሰደችው። ያን ጊዜ የሥራ ቤቱን መስኮት ሳይዘጋ የሄደው ማን እንደ ነበረ፣ ባልና ሚስቱ እስኪያረጁ ድረስ ተከራክረውበታል።

ፍል ውሃው ወገቡን ፈታለትና ተመለሰ። «ቢስሚላህ» ብሎ በሩን ሲከፍት፣ ከፋዩ ላይ አንዲት ዋኔ፣ የዱር ርግብ፣ ተኝታለች። ጥቂት ጭራሮ እንደ ነገሩ ጣል ጣል አድርጋ ጎጆ ብላዋለች። በአንድ ዓይኗ አየችው፤ አንገቷን አዙራ በሌላው አየችው፤ ልብሱ እንደ ዘገየበት ደንበኛ። ሳልህ የኋሊት ወጣ።

«ሰኪና! እንግዳ አለብን።»

«ምን ላቅርብ?»

«ማሽላ።»

«ቂጣ ልጋግር?»

«የለም፣ ጥሬውን በትኚው።»

ሰኪና የባሏ ሕመም ከወገቡ ወጥቶ ጭንቅላቱ ውስጥ የገባ መስሏት እየሮጠች መጣች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሳልህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዋኔ ተመልካች ሆነ። ረፋዱ ላይ ሴቷ ተነሥታ በመስኮት ትወጣለች፤ ጥቂት ቆይቶ ወንዱ ይገባና ከሁለቱ ዕንቁላሎች ላይ ጋደም ይላል። አመሻሹ ላይ ደግሞ ይለዋወጣሉ። «አያችሁ ሥርዓት!» እያለ ሳልህ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ያወራል።

«እሱም ወንድ ሆኖ እንዳንተ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላል፤» አለችው ሰኪና። «ግን እሱስ የሚፈለፍለው አለው።»

ከመንገዱ ማዶ የሚሰፋው ጀማልም ዝም አላለም። «ሳልህ ሆይ! መኪናህ ዕንቁላል ጣለች አሉ! ስትፈለፍል አንዲት ጫጩት መኪና ለእኔ!»

ሳልህ ሳቀለት፤ ወዲያው ግን ቀን መቁጠር ጀመረ። የሚካኤል በዓል እየቀረበ ነው፤ ከፋዩ ግን ከዋኔዋ ሥር ነው። ቃሉ ሊታጠፍ ነው።

በመጨረሻም መምሬ አበረ ራሳቸው መጡ። ሳልህ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ ውስጥ አስገባቸው። መምሬ ዋኔዋን አዩ፤ ካባቸውንም ከሥሯ አዩ።

«በል አንሣት፤» አሉ በሹክሹክታ።

«እኔ? ነቢያችን ዋሻ በገቡ ጊዜ አፉ ላይ ጎጆ ሠርታ ከጠላት የሸሸገቻቸው እሷ አይደለችም ወይ? እርስዎ ያንሷት፤ እጅዎ የተባረከ ነው።»

«እኔማ! ለኖኅ የወይራ ቅጠል ያመጣችውን? ዋኔ አፈናቃዩ ቄስ ልባል?»

«ኖኅስ በመስኮት አውጥቷት የለም እንዴ፣ መምሬ?» አለች ሰኪና ከበር ላይ።

«ኖኅ የላካት መልእክት ሰጥቶ ነው፣ ሰኪና። እኛ ምን ብለን እንላካት? ካባ አምሮናል ብለን?»

ዋኔዋ ለሦስቱም ጀርባዋን ሰጠች።

ዘዴውን ያገኘችው ሰኪና ናት። ተራ ሲለዋወጡ ጎጆው ለአፍታ ባዶ ይሆናልና፣ ያን ጊዜ ዕንቁላሎቹን ወደ ሌላ ማረፊያ አዛውሮ ከፋዩን መሳብ። ግን በምን ላይ? ሰፌዱ ዝርግ ነው፣ ዕንቁላሉ ይንከባለላል፤ እንቅቡ ጥልቅ ነው፣ ዋኔዋ ትፈራለች። ሰኪና ቤቱን ዙሪያውን ቃኘችና ዓይኗ ከመምሬ ራስ ላይ ቆመ። ነጭ፣ ክብ፣ ለስላሳ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ጥምጥም።

«አይሆንም!» አሉ መምሬ ገና ሳትናገር።

«ለሚካኤል ካባው ይሻልዎታል ወይስ ጥምጥሙ?»

«ሁለቱም ነዋ!»

«አንዱን ይምረጡ መምሬ።»

መምሬ ያ ከበሮ ትዝ አላቸው መሰል፣ ጥምጥሙን ሳይፈቱ እንዳለ አወለቁና፣ ታናሽ ወንድሙን ለጦርነት እንደሚሰጥ ሰው እያዘኑ አቀበሉ። የተራው ሰዓት ደርሶ ዋኔዋ ብር ብላ ስትወጣ ሳልህ ጎጆውን ሊያነሣ እጁን ሰደደ፤ ጭራሮው በእጁ ላይ ተበተነ። ሰኪና ዕንቁላሎቹን በመዳፏ አንሥታ ጥምጥሙ ውስጥ አኖረች፤ ሳልህ ለወጉ ያህል ጭራሮ ደረደረ፤ ከፋዩንም ሳበ። ጥምጥሙ ከፋዩ በነበረበት ቦታ ተቀመጠ። ሦስቱም ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ወንዱ መጣ። ጥምጥሙን ዞረው። አማት ቤቷን አገላብጣ እንዳጸዳችባት ምራት አንዲት ጭራሮ በአፉ አነሣ፤ ወዲያ አዞረ፤ እዚያው መልሶ አኖራትና ተኛ።

ሳልህ ከዚያ ወዲያ ወሬም ሰላምታም ትቶ፣ ዋኔዋን ጎረቤት አድርጎ ሌት ተቀን ሰፋ። ዋኔዋ ከፋዩ ላይ የጣለችውንም ነጭ ምልክት ከጠርዙ ሥር አጥፎ ሸሸገው። በዋዜማው መምሬ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጠቅልለው መጡ። ካባው ሲለካ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቆመ፤ አንድ ጣት አላነሰም፣ አንድ ጣት አልረዘመም። ሁለቴ ዞሩ፤ አልወደቁም።

«ቃልህን ጠበቅህ፤» አሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ሳልህ አንገቱን ሰበረ፤ ፊቱ ግን በራ።

«ጥምጥሜንስ አሁን ብወስድ?» ብለው መምሬ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። ላባ ያላወጡ ሁለት ጫጩቶች፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው፣ ከጥምጥሙ ጉድጓድ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። መምሬ ዘርግተውት የነበረውን እጃቸውን ሰበሰቡ። ቤቱን ሊመርቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ አንደኛው ጫጩት ክንፉን አንቀሳቀሰ፤ አፋቸውን መልሰው ገጠሙ። ነጠላቸውን አጥብቀው፣ መቋሚያቸው መሬቱን እንዳይመታ ወደ ላይ አንሥተው፣ በእግራቸው ጣት እየተራመዱ፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳይሉ ወጡ።